ሻብሊ የቦታ ስም ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ዘወትር የማነብ ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። አሁን የምኖረው ፈረንሳይ፣ ኦሴር በምትባል ከተማ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ባለፈው ሰሞን ስለ ሠርግ ድግስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ስላንገበገበኝ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ስለ ጠጁም፣ ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ወጪውም የተባለው ልክ ነው። ወይን ጠጅ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ቻብሊስ» ማለት ማንኛውም ስኳር የሌለው ነጭ ወይን ጠጅ ነው፣ ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም፣ ርካሹን ግዙ ይላል። ያነበብኩት ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የምመለሰውም ከዚያው ከሻብሊ ነበር። ጭቃዋ ገና ከጫማዬ አልደረቀም።

በመጀመሪያ ስሟ ሻብሊ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ደግሞም ሻብሊ ከተማ ናት። ሁለት ሺህ ከምናምን ሰው የሚኖርባት፣ ከፓሪስ በደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ትንሽ ከተማ። ሰረን የሚባል ወንዝ ያቋርጣታል። ሰረን በፈረንሳይኛ ረጋ ያለ ማለት ነው፤ ወንዙም እንደ ስሙ ነው። ከቡርጎኝ የወይን አገር ጋር ትቆጠራለች፤ ነገር ግን የሰሜኑ ጫፍ ላይ ናት። ከቡርጎኝ ዋና የወይን ከተማ ከቦን ይልቅ ለሻምፓኝ ማሳዎች ትቀርባለች። ወይን ለማብቀል የሚደፈረው የብርድ ድንበር እዚህ ነው።

ብርዱን እኔ አውቀዋለሁ። አባቴ ገብስና ባቄላ ይዘራ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ካለ እንቅልፍ የለውም። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የባቄላውን ቅጠል በጣቱ ይዳስሳል። ጠቁሮ ካገኘው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል፤ እኛም ያን ቀን አንጫወትም። ሻብሊ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ የማሳውን ባለቤት ፊት ሳየው አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሰማዩን አዩ፤ እጃቸውን አውጥተው ነፋስ መኖር አለመኖሩን ለኩ፤ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

የ2021ን ሚያዝያ (የፈረንሳይን ነገር ስጽፍ ዓመቱም ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) መቼም አልረሳውም። የመጋቢት መጨረሻ ከወትሮው በላይ ሞቆ ስለነበር የወይኑ እንቡጥ ቀድሞ ፈነዳ። በሳምንቱ ብርዱ ተመልሶ መጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ማሳ ስደርስ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ አጎት ሳይቀር። በአንድ ሄክታር ከ300 እስከ 400 ሻማ ይደረደራል። ሻማ ስል ጧፍ እንዳይመስላችሁ። የቀለም ጣሳ የሚያህል ቆርቆሮ ሙሉ ፓራፊን ነው። አጎንብሰሽ ክዳኑን ታነሺያለሽ፣ ትለኩሻለሽ፣ ትሮጫለሽ፤ ወደሚቀጥለው። ጣት ስለሚደነዝዝ ክብሪት አይያዝም። ቀና ስል ተዳፋቱ ሁሉ በመስመር በመስመር በርቷል። በልጅነቴ በመስቀል ዋዜማ ከቤታችን ደጃፍ ቆሜ በየኮረብታው የማየው ችቦ ትዝ አለኝና ዕንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን የማስታውሰው ጭሱን ነው። ጠዋት ስናፈጥ መሐረቤ ጥቁር ነበር።

ሌላም ዘዴ አላቸው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም፤ በውርጭ ሌሊት ተክሉ ላይ ውሃ ይረጫሉ! ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ውሃው ሳያቋርጥ እየተረጨ በረዶ እስከሠራ ድረስ፣ በበረዶው ውስጥ ያለው እንቡጥ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፣ አይሞትም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ሁሉ የመስታወት ዛፍ ይመስላል። ፓምፑ እኩለ ሌሊት ላይ ከቆመ ግን ጭራሽ ባይጀመር ይሻል ነበር። ቤን በሚባለው መንደር ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቆፈረ ሐይቅ አለ።

ያን ዓመት ይህ ሁሉ ተደርጎም ብዙ ማሳ ጠፋ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሽማግሌው አንዱን እንቡጥ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። እንደ ትምባሆ ተፈረፈረ። ከዚያ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ለሁላችንም ቡና አፈሉልን።

እንግዲህ ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም የተባለው ወይን ጠጅ ይህ ነው።

አፈሩን ደግሞ ልንገራችሁ። ሻብሊ ውስጥ የሚተከለው የወይን ዘር አንድ ብቻ ነው፤ ሻርዶኔ። የአካባቢው ሰው በድሮ ስሙ ቦኗ ይለዋል። ሻርዶኔ ዓለምን የዞረ ዘር ነው። እኛው አገር ዝዋይ ላይ ተተክሎ ወይን ጠጅ ይወጣበታል። እዚህ ግን ሥሩ የሚገባበት መሬት ሌላ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቦታው ሞቃት ባሕር ነበር። የባሕሩ ወለል ጊዜ ቆጥሮ ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጭቃ ሆነ። ጂኦሎጂስቶች ኪመሪጅያን ይሉታል፤ እንግሊዝ አገር ባለ ኪመሪጅ በሚባል የባሕር ዳር መንደር ስም ነው።

ወይኑን ስገርዝ አንድ ቀን ከእግሬ ሥር መዳፍ የሚሞላ ድንጋይ አነሳሁ። ፊቱ ላይ የጥፍሬን ግማሽ የሚያካክሉ፣ ጎበጥ ያሉ ቅርፊቶች ተጣብቀውበታል። የፈረንጅ ኮማ ይመስላሉ። በባሕሩ ዘመን የኖሩ ትናንሽ ኦይስተሮች ናቸው። በሳይንስ ስማቸው ኤክሶጂራ ቪርጉላ ይባላሉ፤ ቪርጉላ በላቲን ትንሽ በትር ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች ነጠላ ሰረዝን ቪርጉል የሚሉት ከዚሁ ቃል ነው። ድንጋዩን ቤት ወስጄ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። እናቴን በቪዲዮ ሳሳያት «ልጄ፣ የባሕር እንስሳ ተራራ ላይ ምን አወጣው?» አለችኝ። እኔም የምሠራበት ተራራ ባሕር እንደነበር ነገርኳት። አሁን በደወለች ቁጥር ድንጋዩን አሳዪኝ ትላለች።

ይህ ድንጋይ ያለበትና የሌለበት መሬት ብዙ አጨቃጭቋል። በአናት በአናቱ ላይ ያለው ጠንካራና ወጣት ድንጋይ ሌላ ስለሆነ፣ እዚያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ፔቲ ሻብሊ ነው የሚባለው፤ ትንሹ ሻብሊ። በደረጃ ከሱ ከፍ የሚለው ሻብሊ፣ ከዚያ ፕሪሚዬ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩው ከከተማዋ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያይ አንድ ተዳፋት ነው። ሰባት ስም አለው፤ ብላንሾ፣ ቡግሮ፣ ለ ክሎ፣ ግርኑይ፣ ፕረዝ፣ ቫልሙር፣ ቮዴዚር። ግርኑይ እንቁራሪቶች ማለት ነው፤ ከታች ወንዙ ቅርብ ነው። ሰባቱ ተደምረው 100 ሄክታር ያህል ቢሆኑ ነው። ከድልድዩ ላይ ቆሞ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ይቻላል። ከሥራ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያ እቆማለሁ።

ጣዕሙን ለጠየቀኝ ሰው እንዲህ እላለሁ። ባልጩት ከባልጩት ሲፋጭ የሚወጣውን ሽታ ታውቃላችሁ? እሱ አለው። ሎሚ አለው፣ አረንጓዴ ፖም አለው፣ ምራቅ ያመጣል። ቀለሙ ፈዛዛ ሆኖ አረንጓዴ ይነካካዋል። ብዙው የሚብላላው በብረት ታንክ ስለሆነ የእንጨት ሽታ አይጫነውም። ድሮ ግን ፉይየት የሚባል 132 ሊትር የሚይዝ የራሳቸው በርሜል ነበራቸው። ዛሬም በአንዳንድ ምድር ቤት አሮጌዎቹ ተደርድረው ይታያሉ።

ታሪኩ ከገዳም ነው የሚነሳው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቫይኪንጎች ቱር የምትባለውን ከተማ ሲያስጨንቁ፣ የቅዱስ ማርቲን መነኮሳት የጻድቁን ዐፅም ተሸክመው ተሰደዱ። በ867 ንጉሡ፣ ራሰ በራው ሻርል የሚሉት፣ ሻብሊ የነበረውን ገዳም ሰጣቸው። የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በቅዱስ ማርቲን ስም ነው። በአንዱ በሩ ላይ አሮጌ የፈረስ ጫማዎች ተቸንክረዋል። ፈረሳቸው እንዲድንላቸው የተሳሉ መንገደኞች ስለታቸውን ያገቡበት ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን እጄን በሩ ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ። ስለት እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በ1114 ከሻብሊ ብዙም ሳይርቅ የፖንቲኚ ገዳም ተመሠረተ። ሲስተርሲያን የሚባሉ መነኮሳት ናቸው፤ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ። ሻብሊ ላይ ማሳ ያዙ፣ ከተማው ውስጥ የወይን ቤት ሠሩ። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ፔቲ ፖንቲኚ ይባላል። እኛ ለቅዳሴ ዘቢብ እንደምናዘጋጀው እነሱም መጀመሪያ ወይን የፈለጉት ለቁርባን ነበር። ግን ጠንቃቃ ገበሬዎች ነበሩ። የትኛው ተዳፋት ምን እንደሚሰጥ ትውልድ ለትውልድ እያቀባበሉ አጠኑት። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ የገዳማቱ መሬት ተወርሶ ተሸጠ፤ ማሳዎቹም ወደ ገበሬው እጅ ገቡ።

ያኔ ወይን ጠጁ በጋሪ ኦሴር ይደርስና በጀልባ በዮን ወንዝ ወርዶ ሴን ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ ፓሪስ ነው። እኔ የምኖርበት ቤት ከዚያ ወደብ አጠገብ ነው፤ አሁን የሽርሽር ጀልባ ነው የሚቆምበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዮን አውራጃ ብቻውን ወደ 40,000 ሄክታር የወይን ማሳ ነበረው። ፓሪስን የሚያጠጣው ይህ አገር ነበር።

ባቡር መጣና ነገሩ ተገለበጠ። ሐዲዱ ሻብሊን ትቶ በቶኔር በኩል አለፈ። የደቡብ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ፣ ፀሐይ የጠገበና ርካሽ፣ በባቡር ፓሪስን አጥለቀለቀው። በብርድ አገር በስንት ጣር የሚገኘው ወይን በዋጋ ሊቋቋመው አልቻለም። በዚያ ላይ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሥር የሚበላው ነፍሳት ፊሎክሴራ ደረሰ። ከአሜሪካ የመጣ ነው። መድኃኒቱም ከአሜሪካ መጣ፤ የፈረንሳዩን ወይን ቅርንጫፍ ነፍሳቱን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ ቆርጦ መቀጠል። እኔ በየዓመቱ የምገርዘው ተክል ሁሉ ከአፈር በላይ ሻርዶኔ፣ ከአፈር በታች የአሜሪካ ዘር ነው።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ወሰደ። በ1923 የቀሩት ገበሬዎች ላ ሻብሊዝየን የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬም አለ፤ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። በ1945 የፀደይ ውርጭ ምርቱን ከሞላ ጎደል ጨረሰው፤ በ1957 ደገመ። በ1950ዎቹ በሻብሊ የቀረው ማሳ 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። ሽማግሌው አሠሪዬ ልጅ እያሉ ተዳፋቱ ላይ ከወይን ይልቅ ቁጥቋጦ ይበዛ እንደነበር ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ ነው ማሞቂያው፣ ውሃ መርጫው፣ ትራክተሩ መጥቶ ሰው ተመልሶ መትከል የጀመረው። ዛሬ ከ5,500 ሄክታር በላይ ሆኗል።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። የፈረንሳይ መንግሥት ጥር 13 ቀን 1938 ሻብሊ የሚለውን ስም በሕግ ጠበቀ። ከተወሰነው ቦታ፣ ከሻርዶኔ ብቻ፣ በተወሰነ አሠራር ያልተሠራ ወይን ጠጅ ሻብሊ መባል አይችልም። ይህ ሕግ ግን ውቅያኖስ አልተሻገረም። ሻብሊ 500 ሄክታር ላይ ነፍሷ ሊወጣ በደረሰበት በዚያው ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ በስሟ የካሊፎርኒያ ነጭ ወይን ጠጅ በትልልቅ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ሮዝ ቀለም ያለው «ሻብሊ» ሁሉ ተሽጧል። በአሜሪካ ሕግ ሻብሊ ከፊል የወል ስም፣ ማለትም ሌላ ቦታ በተሠራ ወይን ጠጅ ላይም ሊጻፍ የሚችል ስም፣ ተብሎ የተመደበ ነው። በ2006 አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ሲስማሙ አዲስ ምርት በዚህ ስም እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበሩት ግን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ።

ጽሑፋችሁን ያዘጋጀው ሰው የተሳሳተው በዚህ ይመስለኛል፤ አልፈርድበትም። እኔም ደርሶብኛል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ጋ ልጠይቃት ሄጄ፣ በደስታ እየሳቀች እጀታ ያለው ትልቅ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ አወጣች። «ነይ፣ ካንቺ ሠፈር የመጣ ነው!» አለችኝ። ሻብሊ ይላል። ከሥሩ ካሊፎርኒያ ይላል። አቅፌ ሳምኳት፣ ቀድታልኝ ጠጣሁ። ጣፈጥ ይላል። ባልጩት የለም፣ ባሕር የለም። እሷ ምን ታድርግ? ስሙ ተጽፎ ነው የተሸጠላት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ነገር እንዴት እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የኔ ናቸው ብላ አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስታመለክት ስንት ክርክር ተነሳ። በ2007 ከትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋር እስኪስማሙ ድረስ ሁላችንም ጉዳዩን እንከታተል ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይወራ ነበር። ይርጋጨፌ ማለት ማንኛውም ቀለል ያለ ቡና ነው፣ ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም ብሎ አንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ቢጽፍ ምን ይሰማን ነበር? እኔ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። አሁንም የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ለሠርግ ርካሽ ነጭ ወይን ጠጅ መግዛት ነውር የለውም። የዝዋዩን ሻርዶኔ ግዙ፤ በራሱ ስም ያለ የአገራችን ምርት ነው። ነጭ ወይን ጠጅ ተብሎ ይጻፍ፣ ይበቃል። ሻብሊ የተባለውን የሚፈልግ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ፈረንሳይ መባሉን ይይ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው እትማችሁ ማስተካከያ አውጡልኝ። ሁለት መስመር ትበቃለች። ስሟ ሻብሊ መሆኑን፣ የቦታ ስም መሆኑን።

አሁን የወይኑን ሐረግ ግርዘት ላይ ነን። በፈረንጆቹ ጥር 22 ቀን፣ ከጥምቀታችን በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የወይን ገበሬዎች የሚያከብሩት የቅዱስ ቪንሰንት በዓል ስለነበር ዕረፍት ሆነን ነበር፤ ዛሬ ተመልሰን ገብተናል። የቆረጥነውን ሐረግ የምናቃጥለው እንደ ጋሪ በምትገፋ ግማሽ በርሜል ውስጥ ነው፤ ከኋላችን እየጎተትን፣ እየነደደች ትከተለናለች። እጃችን ሲደነዝዝ እዚያ ላይ እንሞቃለን። ይህን ደብዳቤም የጀመርኩት በምሳ ሰዓት፣ በርሜሏ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አንዳንድ ማሳ ግን ሽማግሌው እስካሁን እንዳይገረዝ አድርገዋል። ዘግይቶ የተገረዘ ዘግይቶ ያቆጠቁጣል፤ የሚያዝያው ውርጭ ምናልባት ያልፈዋል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ኦሴር፣ ፈረንሳይ